ብዙ ዝንባሌ ላለው ሰው የቤት ኬሚስትሪ አያያዝ፦ ከድሬዳዋ ሙቀት ጋር የተስማማ አሠራር

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። ሥዕል የሚስል፣ ክራር የሚደረድር፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣና በረንዳው ላይ አበባ የሚያሳድግ ሰው በዚህ ሁሉ ላይ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲጨምር ይህች ተረት ከየአቅጣጫው ትወረወርበታለች። የተለመደው ምክርም ይከተላል፦ ሳምንቱን ከፋፍል፣ ሰኞን ለሥዕል፣ ማክሰኞን ለክራር፣ ረቡዕን ለኬሚስትሪ ስጥ። ምክሩ ለክራር ይሠራ ይሆናል፤ ለኬሚስትሪ ግን አይሠራም። አቼቶ ውስጥ የተነከረ ሚስማር ረቡዕ መሆኑን አያውቅም፤ በሚደርስበት ቀን ይደርሳል።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ከቤት ኬሚስትሪ አብዛኛው መጠበቅ ስለሆነ የተለየ ቀን አትስጡት፤ ሌሎቹን ዝንባሌዎች በጥበቃው ውስጥ አስገቧቸው። ሙከራ ስትመርጡም ለሥዕሉ፣ ለጽሕፈቱ ወይም ለፎቶግራፉ የሚሆን ነገር ሠርቶ የሚያስረክበውን ምረጡ። አሠራሩ በድሬዳዋ ቤት፣ በድሬዳዋ ፀሐይና በድሬዳዋ ገበያ የተሰላ ነው። ሐረር ላይ የሚለወጠውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

1. ዝንባሌን ሳይሆን ሥራን ለዩ

ወረቀት አውጡና እጃችሁ የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ። «ሥዕል» ብላችሁ አትለፉት፤ ቀለም መበጥበጥ፣ መቀባት፣ ማድረቅ እያላችሁ ዘርዝሩት። ኬሚስትሪውንም እንዲሁ፦ መመዘን፣ ማሟሟት፣ ማፍላት፣ ማጥለል፣ ማስቀመጥ፣ ዕቃ ማጠብ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ከሦስት አንዱን ጻፉ፦ ዓይን የሚፈልግ፣ ጆሮ የሚበቃው፣ ትቶ መሄድ የሚቻል።

ዓይን የሚፈልገው እሳት ያለበት፣ የሚያቃጥል ነገር የሚቀዳበት ወይም ቀለሙ በቅጽበት የሚለወጥ ሥራ ነው። ጆሮ የሚበቃው ጠብ ጠብ እያለ የሚጠልል ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ መሆን ይበቃል፣ ክራር መቃኘትም ይቻላል። ትቶ መሄድ የሚቻለው መዛግ፣ መድረቅ፣ መዝቀጥና ክሪስታል መሥራት ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ዓይን የሚፈልጉ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰዓት አይገናኙ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድስቱን ጥዶ «እስኪፈላ» ብሎ ብሩሽ ያነሣል።

ድሬዳዋ ላይ እንግዳ ሳያስታውቅ ይመጣል፤ መምጣቱም ደስ ይላል። ዓይን የሚፈልግ ሥራ ላይ እያላችሁ በር ከተንኳኳ እሳቱን አጥፉ፣ ዕቃውን ክደኑ፣ ከዚያ ክፈቱ። «አንድ አፍታ ነው» ተብሎ የተተወ ነገር የቡና ሦስቱን ዙር ይቆያል።

ብዙ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማጽናናት የሚጠሩት ሩሲያዊውን አሌክሳንደር ቦሮዲንን ነው፤ ሙያው ኬሚስትሪ፣ ትርፍ ጊዜው የሙዚቃ ድርሰት ነበር። በኬሚስትሪ በኩል እ.ኤ.አ. በ1872 አልዶል የሚባለውን ውሕደት ካገኙት አንዱ ነው። ሲጠሩት የማይነግሯችሁ ግን በ1869 የጀመረው ኦፔራ በ1887 ሲሞት ገና እንዳልተጠናቀቀና ሌሎች እንደጨረሱለት ነው። ሙዚቃ የሚጽፈው በአብዛኛው ታሞ ላቦራቶሪ መግባት ሲያቅተው ስለነበር ሙዚቀኛ ወዳጆቹ ጤና ሳይሆን ሕመም ይመኙለት እንደነበር ራሱ እየቀለደ ተናግሯል። እኔ ከታሪኩ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ሥራዎቹ ዓይን የሚፈልጉ ነበሩ።

2. ለሌላው ሥራ የሚያቀብል ሙከራ ምረጡ

ለድሬዳዋና ለሐረር ቤት የሚስማሙ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ።

የመጀመሪያው እርድ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ያው ቢጫ ዱቄት ብርሃን ሲያገኘው ይነጣል፣ ቤዝ፣ ማለትም እንደ ኖራ ወይም ሶዳ ያለ የአሲድ ተቃራኒ፣ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። በእነዚህ ሁለት ጠባዮቹ ብቻ ያለ ካሜራ ፎቶግራፍ ይሠራል። በዕፅዋት ጭማቂ ምስል ማተምን እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1842 በጽሑፍ አቅርቦታል፤ እሱ ያልነበረው የድሬዳዋ ፀሐይ ነው። ዝርዝሩ ከታች ይመጣል።

ሁለተኛው ኖራ ነው። በሐረር ጁገል ውስጥ የቤቶቹን ግድግዳ የሚያነጣው ኖራ ሲደርቅ ብቻ አይደለም የሚጠነክረው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ መልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ይህን በጠርሙስ ማየት ይቻላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኖራ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከላይ የጠራውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ጠርሙስ አንቆርቁሩ። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ኖራ ከ2 ግራም እንኳ አይደርስም፤ የሚገርመው ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚሟሟው ማነሱ ነው። ከጠራው ትንሽ ብርጭቆ ላይ ቀድታችሁ በመምጠጫ ቀሰም ቀስ እያላችሁ ተንፍሱበት፤ ወተት ይመስላል። መንፋት እንጂ መሳብ የለም፣ ለሕፃንም አይሰጥም። የቀረው የኖራ ውሃ የእርዱን ምስል ያቀላል፣ የከርከዴን ቀለም ይለውጣል፤ ከሥር የዘቀጠው ነጭ ጭቃ ደግሞ ለሥዕል መደብ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ለሦስት ዝንባሌ ማለት ይህ ነው። የምትገዙት ግን አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ የበረደውን ኖራ ይሁን፤ ውሃ ያልነካው ውሃ ሲገባበት ይፈላል፣ ወደ ዓይንም ይረጫል። የበረደውም ቢሆን ዓይንና እጅ ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አይቅር።

ሦስተኛው የብረትና የሻይ ቀለም ነው፤ መጻፍ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሐረር ቁርኣን የሚገለበጥባትና በቆዳ የሚደጎስባት ከተማ ሆና ኖራለችና በአካባቢው የብዕርና የቀለም ነገር ባዕድ አይደለም። የዛገ ሚስማር በብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ አፍስሱበት፣ አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍኑት። ብረቱ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ በክዳን መዝጋት ጠርሙስ ማፈንዳት ነው፤ ከቡናው ከሰልም ይራቅ። ነጭ የሚያብረቀርቅ ሚስማር ዚንክ የተቀባ ስለሆነ አይሆንም። ሳምንት ያህል ተውት። ሲደርስ ሁለት ማንኪያ ሻይ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ውሃ እስኪጎድል አፍልታችሁ፣ አጥልላችሁ፣ አብርዱ። ከዚያ የብረቱን ውሃ በሻይ ማንኪያ እየለካችሁ ሻዩ ላይ ጨምሩ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ዓይን የሚፈልግ ነው። ቀይ የነበረው ሻይ ገና በመጀመሪያው ማንኪያ እንደ ጭስ ያለ ጥቁር ክር ያወጣል፤ ሲማሰል ሁሉም ይጠቁራል። በመቃ ብዕር ወረቀት ላይ ስትጽፉበት ግን መጀመሪያ የሚታየው ገርጣ ያለ ግራጫ ነው። አልተሳካም ብላችሁ አትድፉት። ታኒን የሚባለው የሻዩ መራራ ነገር ከብረቱ ጋር ተጣምሮ ሙሉ በሙሉ የሚጠቁረው የአየሩ ኦክስጅን ሲደርስበት ነው፤ መስመሩን ጨርሳችሁ ወደ ኋላ ስትመለከቱ የፊተኛው ቃል ከኋለኛው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ከዕጣን ሻጮች ጠይቃችሁ የምታገኙት የግራር ሙጫ ጥቂት ቢሟሟበት ይወፍራል፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ደግሞ ሻጋታን ያዘገያል። በፋብሪካ ብዕር ውስጥ አትጨምሩት፣ ይደፍነዋል፣ ይበላዋል። አሲድ ያለበት ስለሆነ በዘመን ብዛት ወረቀትንም ስለሚጎዳ የጋብቻ ውል አትጻፉበት።

አራተኛው ሂና ነው። ሴቶቻችን ለሠርግና ለዒድ ሲያዘጋጁት ሎሚ የሚጨምሩበት ያለ ምክንያት አይደለም፦ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሎውሶን የሚባለው ማቅለሚያ ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከቆዳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ድረስም እየደመቀ ይሄዳል። ማወዳደር ለሚወድ ሰው በሎሚ፣ በሻይና በውሃ ብቻ የተቦኩ ሦስት ትንንሽ ሊጦች ማነጻጸር በቂ ሙከራ ነው፤ መሳል ለሚወደውም እጅ ሙሉ ሥዕል። የድሬዳዋ ሙቀት ሊጡን በጥቂት ሰዓት ያደርሰዋል፣ ሐረር ላይ ማሳደር ይሻላል። እናቶችን ጠይቁ፤ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያውቁታል። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ግን ቆዳ ላይ አታድርጉ። ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ያ ቆዳን ያቆስላል፣ አንዳንዱን ሰው ዕድሜ ልክ አለርጂ ያስይዘዋል።

ሳሙና መሥራትን ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም። ካውስቲክ ሶዳ ያለበት ሥራ ሚዛን፣ መነጽር፣ ጓንትና ማንም የማያቋርጣችሁ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ብዙ ዝንባሌ ያለው ሰው ደግሞ የሚያጣው ያንን ያልተቋረጠ ሁለት ሰዓት ነው። ሌሎቹን ከለመዳችሁ በኋላ ይምጣ።

3. አንድ ሣጥንና አንድ ጥግ

ክፍል አያስፈልግም። ክዳን ያለው፣ የሚቆለፍ ወይም ከሕፃን እጅ በላይ የሚሰቀል አንድ ሣጥን ይበቃል። ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን፣ ሁለት የብርጭቆ ማሰሮ፣ ማጥለያ ጨርቅ፣ ማንኪያ፣ ጓንት፣ መነጽርና ደብተር ከገቡበት ሥራ ይጀመራል። ሚዛኑን ታይዋን ገበያ ፈልጉ፤ እርድ፣ ከርከዴና ቅርንፉድ ቀፊራ የቅመም ተራ አለ። ሐረር ያላችሁ ሸዋ በር ወይም ጊዲር መጋላ ታገኙታላችሁ። ከወጥ ቤት አንድ ጊዜ የወጣ ማንኪያ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። ይህን ለእናታችሁ ወይም ለባለቤታችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በኋላ ከሚነሣው ጠብ ማንኪያ መግዛት ይቀላል።

በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ምንም ኬሚካል አታስቀምጡ። በዚህ ሙቀት ከውጭ ጠምቶት የገባ ሰው ሃይላንድ ካየ ስያሜ አያነብም፣ ይጠጣል። የምትጠቀሙት ሰፊ አፍ ያለው የማር ወይም የማርማላታ ብልቃጥ ይሁን። በላዩም ምን እንደሆነና የተሠራበትን ቀን ጻፉ። ግቢው የጋራ ከሆነ፣ በድሬዳዋም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ «አይጠጣም» የሚለውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ጻፉበት፤ ጎረቤት ያስተረጉምላችኋል።

የማይደረጉትን ባጭሩ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ መርዝ ነው። የሚፈነዳና የሚተኮስ ነገር የቤት ሥራ አይደለም። አልኮል እሳት ላይ አይሞቅም። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል በድሬዳዋ የክፍል ሙቀት ምንጊዜም የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ስለዚህ ምድጃው ላይ ከሰል ካለ ወይም ዕጣን እየጨሰ ከሆነ ጠርሙሱ አይከፈት።

4. ውሃችሁን እወቁ

ገጣሚነቱን ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ የከተማዋን ፎቶግራፎች አንሥቶ ነበር። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ላይ ምስሎቹ እየነጡ እንደሆኑ ገልጾ ያሳበበው በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ነው። እውነት ውሃው ይሁን የእጁ አጠባ አሁን መፍረድ ያስቸግራል። ነገር ግን ውሃም አንዱ ኬሚካል መሆኑን ልብ ማለቱ ትክክል ነበር።

የድሬዳዋ ውሃ በኖራ ድንጋይ መሬት ውስጥ አልፎ የሚመጣ ከባድ ውሃ ነው። ማፍያችሁን ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ያ ነጭ ቅርፊት የኖራ ድንጋይ ነው። ሎሚ ጨምቃችሁ ስታፈሱበት ይፍለቀለቃል፣ ይለቃል። ቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ርካሹ ይኼ ሲሆን ማፍያውም ይጸዳል። ቀለም ለምታወጡበትና ወረቀት ለምታጥቡበት ሥራ ግን የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ ወይም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። ሁለቱንም ሞክራችሁ ልዩነቱን ደብተር ላይ አስፍሩ።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር ደግሞ 94 ገደማ ላይ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ክር በሽንኩርት ልጣጭ ለማቅለም በሌላ አገር መመሪያ «አንድ ሰዓት አፍሉ» የሚለውን ስታገኙ እዚህ ጥቂት ጨምሩበት።

5. ቀኑን በሙቀቱ አደላድሉ

ከተማዋ ራሷ መርሐ ግብር አላት። ጠዋት ትሠራለች፣ እኩለ ቀን ሱቁ ይዘጋል፣ በርጫውም ይያዛል፣ ወደ ማታ መልሳ ትነቃለች። ከዚህ ጋር አትጣሉ።

ዓይን የሚፈልገውን ሁሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ጨርሱ። መመዘን፣ ማፍላት፣ መቀላቀል በዚህ ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ሰውም ንቁ ነው። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው የፀሐይዋ ተራ ነው። ፀሐይ ላይ የሚሰጣውን አውጡና ከጥላ ሥር ትቶ መሄድ የሚቻለውን ያዙ፦ ማንበብ፣ መተኛት፣ ንድፍ መሳል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጓንትና መነጽር አድርጎ የሚሠራ ሰው ላቡ መነጽሩን ሸፍኖት ያወልቀዋል፣ ያኔ ነው አደጋው የሚመጣው። ጫት የሚቅሙ ወዳጆች በምርቃናው ሰዓት አዲስ ሙከራ ካልጀመርን ይላሉ። የሙከራውን ሐሳብ ያን ጊዜ ጻፉት፣ ሥራው ለጠዋት ይደር። ማታ የክራርና የጽሕፈት ነው፤ መብራት ቢጠፋም ክራር አይቆምም።

ክሪስታል ለማሳደግ የፈለገ ሰው የድሬዳዋን ደረቅ ሙቀት መታገል አለበት። የጨው ብጥብጥ እንዲሁ ከተተወ ውሃው ቶሎ ስለሚተን ትልቅ አንድ ፍሬ ሳይሆን ብዙ አሸዋ የሚመስል ይሰጣችኋል። ብልቃጡን ውሃ በያዘ ሰፊ ድስት ውስጥ አቁሙት፣ አፉን በድርብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ከቤቱ ዝቅ ያለና ነፋስ የማይገባበት ማዕዘን ፈልጉለት። ሐረር ያለ ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም።

6. አንድ ቅዳሜ በተግባር፦ የእርድ ምስል

ወረቀቱ ብርሃን ስለማይወድ ይህ ብቻ ከጠዋቱ ሕግ ውጭ ነው፦ ዓርብ ማታ አራት ማንኪያ እርድ በ200 ሚሊ ሊትር አልኮል በጥብጡ፤ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ሳይኖር። ግማሽ ሰዓት አስቀምጣችሁ በጨርቅ አጥልሉ። ወፈር ያለ የሥዕል ወረቀት ላይ በሰፊ ብሩሽ አንድ ጊዜ ቀቡ፣ ሲደርቅ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግማችሁ ቀቡ። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ወረቀቱ ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ ጥቁር ፌስታል ወይም መጽሐፍ ውስጥ አሳድሩት። ጠብታ የነካው ልብስ ቢጫ ሆኖ ይቀራልና አሮጌ ሸሚዝ ልበሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጠል ልቀሙ። በከዚራ ጎዳናዎች ጥላ የሚሰጠውና ብዙ ሰው የድሬዳዋ ዛፍ የሚለው ያ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ቅጠሎቹ እንደ ላባ የተበጣጠሱ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የኒም ቅጠልም ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዙ በደንብ ይወጣል። ወፍራም ሥጋ ያለው ቅጠል አይመረጥም፤ ከወረቀቱ ጋር አይጣበቅም፣ ብርሃን በጎን ይገባል። ቅጠሉን በወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ ከላይ መስታወት፣ ከታች ጣውላ፣ ጎንና ጎኑን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።

በ4 ሰዓት ፀሐይ ላይ አውጡት። ያልተሸፈነው ቢጫ መጀመሪያ የገረጣ ቅቤ፣ በኋላ የወረቀቱን ራሱን መልክ ይይዛል። ሰዓቱን በቁጥር አልሰጣችሁም፤ የቀለሙ ውፍረት፣ ደመናውና ወሩ ይወስኑታል። አንድ ማዕዘን ላይ ሳንቲም አስቀምጡና እያነሣችሁ ከሥሩ ያለውን ከዙሪያው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከሩቅ የሚታይ ሲሆን ደርሷል። በዚህ መሐል ያለው ሰዓት ሁሉ የእናንተ ነው፤ አበባ አጠጡ፣ ያለፈውን ሳምንት ቀለም ይዛችሁ ጽሕፈት ተለማመዱ፣ ገበያ ውጡ። በሩን የሚከፍት ሰው ግን መስታወቱን እንዳይረግጥ ከመንገድ አርቃችሁ አስጡት።

ስታስገቡት ቅጠሉን አንሡ፤ ቢጫ ቅጠል በገረጣ መደብ ላይ ታያላችሁ። አሁን የኖራው ውሃ ወይም በብርጭቆ ውሃ የሟሟ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብሩሽ አሳልፉበት። ቢጫው በዓይናችሁ ፊት ይቀላል። ሶዳው ለስለስ ያለ ብርቱካናማ ቡናማ፣ የኖራው ውሃ ጠቆር ያለ ቀይ ይሰጣል። ሥዕል የሚስል ሰው በሁለቱም ብሩሽ ነክሮ የተለያየ ቦታ ቢነካ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቀለም አገኘ ማለት ነው። ምስሉ ግን ቋሚ አይደለም። ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ያው ያተመው ብርሃን ይበላዋል፤ አልበም ውስጥ አኑሩት፣ በስልክም ፎቶ አንሡት።

7. አንድ ደብተር ለሁሉም

ለእያንዳንዱ ዝንባሌ የተለየ ደብተር የሚገዛ ሰው ደብተር መግዛት ስድስተኛ ዝንባሌው ይሆንበታል። አንድ ይበቃል። በግራ ገጽ የሠራችሁትን በመጠን፣ በሰዓትና በቀን፤ በቀኝ ገጽ ከሱ የተወለደውን፦ ቀለሙ የተቀባበትን ናሙና፣ የተጻፈበትን መስመር፣ የክራር ዜማ ሐሳብም ቢሆን። ስልክ ላይ መጻፍ አይከለከልም፤ ግን እርድ የነካው ጣት ስልክ ሲነካ ታስቡታላችሁ። ገጹ ራሱ ላይ የፈሰሰው ጠብታም መረጃ ነው፤ ከወራት በኋላ መልኩ መለወጡን አለመለወጡን ያሳያችኋል።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ «የሚጠብቁ» የሚል ዝርዝር ይኑር። በጥበቃ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፣ ሲያልቅ ይሰረዛል። ዝርዝሩ ከአራት ካለፈ አዲስ አይጀመርም። ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ የማይታወቅ ብልቃጥ ከመደርደሪያ ኋላ የሚገኘው ዝርዝር በሌለበት ቤት ነው።

8. ኬሚስትሪው ሲያርፍ

አንዳንድ ወር ሥዕሉ ይበረታል፣ ፈተና ይመጣል፣ ወይም ረመዳንና ዐቢይ ጾም የቀኑን ሥርዓት ይለውጣሉ። ዝንባሌን ለጊዜው ማሳረፍ ነውር አይደለም፤ ኬሚስትሪው ግን እንደ ክራሩ ዝም ተብሎ አይሰቀልም፣ በሥርዓት ይዘጋል።

የእርዱ አልኮል በሙቀት ውስጥ ስለማይቆይ የቀረውን ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ጨርሱት፤ የተቀባው ወረቀት ጨለማ ውስጥ ከፈሳሹ ይሻላል። የብረቱ ውሃ ዝገት ዘቅጦበት ከቆየ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ መጸዳጃ ቤት ድፉት፣ ሚስማሩን አጥባችሁ አድርቁ። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ደርቆ ባዶ ቢመስልም፣ ምንም አይደፋ፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወርድበታል፣ ሕፃናትም ይጫወቱበታል። የኖራ ውሃ ላይ ቀጭን ነጭ ቆዳ ከታየ አየር ገብቶበታል፤ አጥልላችሁ ክዳኑን ለውጡ ወይም በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ሥሩ፣ ዋጋው ከጊዜያችሁ ያንሳል። አልኮሉን ከሣጥኑ አውጥታችሁ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ በጥላ አስቀምጡት። የሚዛኑን ባትሪ አውጡ፤ በዚህ ሙቀት ባትሪ ሊያንጠባጥብና መያዣውን ሊበላው ይችላል። «የሚጠብቁ» የሚለው ገጽ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ሣጥኑን ቆልፉ፣ ቁልፉንም የት እንዳኖራችሁት ለአንድ የቤት ሰው ንገሩ።